ወጠጤው ገበያ ሲወጣ

(ለእንስሳት እርባታ ተማሪዎች፣ ለወረዳ ባለሙያዎችና ለአርቢዎች ካደረግኩት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አደራችሁ።

ከሆሳዕና ማግስት ገበያ ልጀምር። ልጅ ሆኜ ዋግ ውስጥ ከአጎቴ ጋር ፍየል እየነዳን ገበያ እንወርድ ነበር። አንድ ዓመት አጎቴ አንድ ወጠጤ ነበራቸው። ቀይ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ቀንዱ ገና መጠምዘዝ የጀመረ። እናቱ በዚያ ደረቅ ዓመት መንታ ወልዳ ሁለቱንም አሳድጋለች። ወጠጤው ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ አደገ። ስለዚህም ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ ገበያ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለምን ይሸጡታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ወድጄው ነበር።

«ልጄ፣ የማይረባውን ማን ይገዛኛል?» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። ለበዓል የሚገዛ ሰው የሚያምረውን ነው የሚፈልገው። እሳቸውም ጨው፣ በርበሬ፣ የልጆች ልብስ ያስፈልጋቸዋል። የማይረባው ቤት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የመንጋው አባት የሆነው ግን ያ ቤት የቀረው ከሲታ ነው። የማይረባ ያልነው እሱ ነበር የረባው።

ይህ ነገር የገባኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ስለ ዘረመል ስማር ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ከዚያ ገበያ ብዙ አይርቅም። የፍየል ዝርያ የሚጠፋው ፍየል ሲያልቅ ብቻ አይመስለኝም። ፍየሉ በመንጋ በመንጋ እያለ፣ አባት የሚሆነውን መምረጥ ስንተው ዝርያው ከእጃችን ይወጣል።

እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ። ፍየል ሰው ቀድሞ ካላመዳቸው እንስሳት አንዷ ናት። የዱር ቅድመ አያቷ ቤዞር የሚባለው የምዕራብ እስያ የዱር ፍየል ነው። ኢራን ውስጥ በዛግሮስ ተራሮች ጋንጅ ዳሬ የሚባል ጥንታዊ መንደር አለ። ዕድሜው 10 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሜሊንዳ ዜደርና ብራያን ሄሴ የተባሉ ተመራማሪዎች እዚያ የተገኘውን የፍየል አጥንት መርምረው በ2000 ውጤቱን አወጡ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ማስረጃቸው ነው። የአጥንቱ መጠን አይደለም። የታረዱት ፍየሎች ዕድሜና ጾታ ነው። ወንዶቹ በብዛት በወጣትነታቸው ታርደዋል። ሴቶቹ ግን ብዙ ዓመት ኖረዋል። አዳኝ እንዲህ አያደርግም። አዳኝ ያገኘውን፣ ከቻለም ትልቁን ነው የሚጥለው። ወጠጤውን አርዶ እናቲቱን የሚያቆይ አርቢ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰው የፍየል ጌታ መሆኑ የታወቀው ወንዱን በመምረጡ ነው። የትኛው ይታረድ፣ የትኛው ይቆይ? አጎቴ በዚያ ገበያ ላይ ያደረጉት ውሳኔ 10 ሺህ ዓመት የቆየ ውሳኔ ነው።

ፍየሏ ከዚያ ተነስታ ወደ እኛ መጣች። የመጣችበትንም ዛሬ በደሟ ማንበብ ይቻላል። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚባል አለ። በዓለም ላይ ያሉ የቤት ፍየሎች በዚህ ሲለዩ በጥቂት የእናት ዘር ሐረጎች ይመደባሉ። ሳይንቲስቶቹ በፊደል ይጠሯቸዋል። «ኤ» የሚባለው በየትኛውም አገር ይበዛል። በአገራችን ፍየሎች ላይ በተሠራው ጥናት የተገኙት ሁለት ናቸው፦ «ኤ» እና «ጂ»። ሁለተኛው በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በግብፅና በምሥራቅ አፍሪካ በኩል የሚታይ ነው። ቤታችሁ ደጅ ላይ ቅጠል የምትበጥሰዋ ፍየል የዚህን ሁሉ መንገድ ታሪክ ይዛለች።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2020/21 የስታቲስቲክስ ናሙና ጥናት መሠረት አገራችን ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች አሏት። ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገር ዝርያ ናቸው። እንዲህ ያለ አገር በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። በ1990ዎቹ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ዞሮ ፍየሉን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ አርቢውን ጠየቀ። በ1996 የወጣው ውጤት 14 የፍየል ዓይነቶችን ለየ። ዝርዝሩን በሙሉ አልደግምላችሁም። ባለሙያዎቹ ታውቁታላችሁ። ጥቂቶቹን ግን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

የአፋር ፍየል እግሯ ረጅም ነው። ፊቷ ጠበብ፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ። ውኃና ቅጠል ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የምትሄድ ናት። አፋር ወተቷን ይጠጣል። የሶማሌ ፍየል ነጭ ናት። በዚያ ፀሐይ ነጭ ፀጉር ጥላ ነው። ጆሮዋ አጭር የሆነ አለ፣ ጆሮዋ ረጅም ሆኖ ገላዋም ተለቅ ያለ አለ። አርሲና ባሌ ውስጥ ደግሞ ፀጉረ ረጅም ፍየል ታገኛላችሁ። ደጋ ላይ ብርድ አለ። በስተምዕራብ ወደ ከፋ ስትሄዱ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ሻካራ የሆነ ፍየል አለች። ሁመራ አካባቢና ከዚያ ወዲያ ኤርትራ ውስጥ በወተቷ የምትታወቀው የበጋይት ፍየል አለች። በባቲ ገበያ በኩል የሚወጣው የፍየል ቆዳ ደግሞ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም፣ «ባቲ ጀንዊን» ተብሎ ይታወቃል። የአንድ ትንሽ ከተማ ስም ጣሊያን ድረስ የሚታወቅበት ምክንያት ፍየል ነው።

የኔዋ አበርገሌ ናት። አድልቼ ብናገር አይፍረዱብኝ። የተከዜን ሸለቆ ይዛ፣ ከዋግ እስከ ደቡብ ትግራይ ትገኛለች። ትንሽ ናት፣ ግን ጥቅጥቅ ያለች ናት። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነች። ድንጋይ ላይ ትወጣለች። ሰው የማይወርድበት ገደል ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ አግኝታ ትበላለች። እዚያ አገር ላም ማቆየት በማይቻልበት ቤት የሕፃን ወተት ከእሷ ነው የሚገኘው። ወፍራም ዝርያ አይደለችም ብለው የሚንቋት አሉ። እኔ ግን ሚያዝያ ላይ ተከዜ ዳር ቆመው እንዲያይዋት እመኛለሁ። ሌላው ሁሉ ጎኑ ሲቆጠር እሷ ግልገል እያጠባች ታገኟታላችሁ።

ከዚያ ሳይንሱ ሌላ ጥያቄ አመጣ። 14 ብለን የቆጠርነው በዓይን ነው፤ በጆሮ፣ በቀንድ፣ በፀጉር። ደሙስ ምን ይላል? የዲኤንኤ ጥናት ሲሠራ ጎረቤት የሆኑት ዓይነቶች ተቀራርበው ተገኙ፤ በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ወደ 8 አወረዳቸው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ልዩነታቸው ይህን ያህል ካልሆነ ምን አስጨነቀን?» ይላል። እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ጎረቤቶች የተቀራረቡት አርቢዎች በገበያ፣ በጥሎሽና በዝምድና ወንድ ሲለዋወጡ ስለኖሩ ነው። ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ሌላ ነው። በጥናቶቹ የተገኘው የዘረመል ልዩነት ከ100 እጅ ከ90 በላዩ ያለው በአንዱ የፍየል ዓይነትና በሌላው መካከል አይደለም። በዚያው በአንዱ ዓይነት ውስጥ ባሉት ፍየሎች መካከል ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ሀብቱ በ14 ሣጥን ተለያይቶ የተቀመጠ አይደለም። እያንዳንዱ በረት ውስጥ ተበትኖ አለ። ድርቅ የምትችለዋ፣ መንታ የምትወልደዋ፣ ትል የማያከሳት፣ ሁሉም እዚያው በአንድ መንጋ ውስጥ ናቸው። በአንድ በኩል ደስ ይላል፤ ሀብቱ ገና አልጠፋም ማለት ነው። በሌላ በኩል የሚጠብቀው ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሊሆን አይችልም። በረቱን የሚዘጋው ሰው ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከባድ አይደለም፤ ደብተር አያስፈልግም።

40 እናት ፍየሎችና አንድ አውራ ያለበት መንጋ አስቡ። በበረት 41 ፍየል አለ። በዘረመል ሚዛን ስንት ነው? የወንዱን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዙት፣ ያንን በ4 አባዙት፣ ከዚያ ለወንድና ለሴት ድምር አካፍሉት። 160 ለ41 ማለት ነው። 4 እንኳ አይሞላም። 41 ፍየል ያለው በረት፣ ዘሩን በማቆየት በኩል እንደ 4 ፍየል ነው የሚቆጠረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሁሉም ግልገሎች አባት አንድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ይደርሳሉ። እሱም እዚያው አለ። የገዛ ልጁን ያጠቃል። ከዚያ የሚወለደው ግልገል ከአራት አንዱ ዘረመሉ በሁለቱም በኩል ከአንድ ምንጭ የመጣ የመሆን ዕድል አለው። ደካማ ግልገል፣ የምትመክን ቄብ፣ እድገቱ የቀረ ወጠጤ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። አርቢው «ዘንድሮ ዓይን በላብኝ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ዓይን አይደለም፤ ዝምድና ነው።

አሁን አውራዎቹን አራት አድርጓቸው። 40 እናት፣ 4 አውራ። ሚዛኑ ወደ 14 ከፍ ይላል። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የዘርፉ ባለሙያዎችና ፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት፣ የሚመክሩት ቢያንስ 50 ነው። ብቻውን የሚያረባ ሰው ይህን ማሟላት አይችልም። አሥር ቤተሰብ ግን አንድ ላይ ቢቆጠር፣ እያንዳንዱ 20 እናት ፍየል ቢኖረው፣ በመሃላቸው 15 አውራ ቢያቆዩ፣ ሚዛኑ ከ55 በላይ ይሆናል። አያችሁ? አንድ ቤት ያልቻለውን መንደሩ ቻለው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ገበያው ምን ይወስዳል ብላችሁ ጠይቁ። ወንዱን ነው። የበዓል ገዢ ወጠጤ ወይም ሙክት ይፈልጋል። የባሕረ ሰላጤው ገበያም እንዲሁ። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት ቄራዎች ሥጋ ወደ ዱባይና ወደ ሳዑዲ ይልካሉ። የሚፈልጉት የቆላ ፍየል፣ ወጣት፣ ያልተኮላሸ ወንድ ነው። ለአገር ጥሩ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ እዚያ ላሉት ወገኖቻችንም የአገራቸው ሥጋ ደረሳቸው። ንግዱን አልቃወምም። ግን የሚወሰደው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ቀድሞ ያደገው ነው ቀድሞ ለሚዛን የሚደርሰው። ቀድሞ የደረሰው ሳይረባ ይሄዳል። የዘገየው ይቀራል፣ ይረባል። ይህን ሃያ ዓመት ደጋግሙት። ማንም ሰው «ትንሽ ፍየል እናርባ» ብሎ ሳይወስን መንጋው እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ ባለሙያ ይመጣና «የአገር ፍየል አያድግም» ብሎ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ነው የውጭ አውራ የሚመጣው። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ የሚባለው ይኸው ነው። ችግሩ ምርጫው ላይ እያለ መፍትሔውን ባሕር ማዶ ፈለግን።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። ከ1989 እስከ 1997 በሐረርጌና በደቡብ የወተት ፍየል ፕሮግራም ነበር። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ድሃ ሴቶች ወተት እንዲያገኙ። አንግሎ ኑቢያን የሚባለው ዝርያ ከሶማሌ ፍየል ጋር ተዳቀለ። አንግሎ ኑቢያን እንግሊዝ አገር ከሕንድና ከግብፅ በኩል ከመጡ አውራዎች የተፈጠረ ነው። ወርቅነህ አያሌው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሐረርጌን ቤተሰቦች አጥንቶ ውጤቱን በ2003 አሳተመ። ወተቱን ብቻ አልቆጠረም። ፍግዋን ቆጠረ። ፍየል ለድሃ ቤት ባንክም ዋስም ስለሆነች ያንንም ቆጠረ። ከዚያ ይህን ሁሉ ባለቤቱ ካወጣው መሬትና ጉልበት ጋር አነጻጸረ። የተዳቀሉት ከአገሬዎቹ የበለጠ የተጣራ ጥቅም አልሰጡም። ይህን ጥናት በጣም እወደዋለሁ። ፍየሏን አርቢዋ በሚያያት ዓይን ነው ያያት።

በ2007 ደግሞ ቦር የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የሥጋ ፍየል ገባ። ቦር ግሩም ፍየል ነው። መኖ ባለበት፣ ሐኪም በቅርብ ባለበት፣ ከከተማ ዳር ለሥጋ የሚያደልብ ሰው ከአገር ፍየል ጋር ቢያዳቅለው ሊያዋጣው ይችላል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ዲቃላው ወንድ ከዚያ ግቢ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ማን ያውቀዋል? ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ አንዱ ገዝቶ ተከዜ ዳር ይወስደዋል። ሁለት ክረምት ዝናብ ሲጠፋ ልጆቹ ገደሉን መውጣት ያቅታቸዋል። በዚያን ጊዜ አሮጌው አውራ የለም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ መልክ መርጦ ዘር ማበላሸት የእኛ አርቢ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ ውስጥ የወተት ፍየል አርቢዎች ቀንድ አልባ ፍየል መርጠው ማርባት ወደዱ። ቀንድ አይወጋ፣ አጥር አይሰብር። ነገር ግን ቀንድ አልባ ከቀንድ አልባ ሲዳቀል ሴት ሆነው መወለድ የነበረባቸው ግልገሎች አንዳንዶቹ ወንዴም ሴቴም ሳይሆኑ መካን ሆነው ይወለዳሉ። በ2001 ምክንያቱ በዲኤንኤ ተገኘ። 11,700 ገደማ ፊደላት ከአንድ ቦታ ጎድለዋል። ያ ጉድለት አንድ ጊዜ ብቻ ከተወረሰ ቀንድ ያስቀራል። ከአባትም ከእናትም ከመጣ ግን ሴቷን ያመክናል። አያቶቻችን ባለ ቀንድ አውራ ይመርጡ የነበረው ለውበት ብቻ ይሁን አይሁን አላውቅም። ውጤቱ ግን ጥበብ ነበር።

«ታዲያ በበረዶ እናስቀምጠው» የሚል አለ። ይህ ጥያቄ በየንግግሩ ይነሳል፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በ1976 ሲጀመር ለዕፅዋት ነበር። ጤፍና ገብስ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ስትፈልግ አውጥተህ ትዘራለህ። ፍየል እንዲህ አይደለችም። የአውራውን የዘር ፈሳሽ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቆየት ይቻላል። ግን የፍየል የራሱ ጣጣ አለው። በፈሳሹ ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ለማቆያ ከሚጨመረው የእንቁላል አስኳል ጋር ሲገናኝ የዘር ሕዋሱን ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ታጥቦ ነው የሚቀዘቅዘው። ይህ ሁሉ ተሳክቶም በእጃችሁ ያለው የአባት ወገን ብቻ ነው። እናቶቹ ከጠፉ ሌላ ዝርያ ሴት ላይ እየደጋገሙ ማዳቀል ነው። አምስት ትውልድ ሙሉ ተደክሞ ከ100 እጅ 97ቱ ይመለሳል። አምስት ትውልድ ናይትሮጅን ሳያልቅ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ በጀት ሳይቋረጥ።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ስፔን ውስጥ ሆኗል። በፒረኔ ተራሮች ቡካርዶ የሚባል የዱር ፍየል ነበር። የመጨረሻዋ ሴት ሴሊያ ትባል ነበር። በጥር 2000 ዛፍ ወድቆባት ሞታ ተገኘች። ከሞቷ በፊት ከቆዳዋ ሕዋስ ተወስዶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሕዋስ ፅንስ ሠርተው በሌሎች የዱር ፍየሎችና ከቤት ፍየል በተዳቀሉ ሴቶች ማኅፀን አኖሩ። በ2003 አንዲት ግልገል ተወለደች። ሳንባዋ ጉድለት ነበረው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። ብትኖርስ? ወንድ የለም። ሕዋሱ የአንዲት ሴት ብቻ ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ዋልያ ነው።

ዋልያ የሚኖረው በእኛ ስሜን ተራሮች ብቻ ነው። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመዘገበ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ዋልያ ለቤት ፍየል ቅርብ ዘመድ ነው፤ ሊዳቀሉ ይችላሉ። የቤት ፍየል ፓርኩ ውስጥ ስትገባ ግጦሹን ብቻ አይደለም የምትሻማው። በሽታ ልታስገባ ትችላለች፣ ዘሩንም ልትቀላቅል ትችላለች። ስለዚህ የፍየል መንጋን በአግባቡ መያዝ ዋልያን ከመጠበቅ አይለይም። ደባርቅ ያለው አርቢ አነስ ያለ፣ የተመረጠ መንጋ ቢያዋጣው ኖሮ ገደሉ ድረስ የሚነዳበት ምክንያት ይቀንስ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልመለስ። አሥር ቤተሰብ፣ 15 አውራ።

በ2009 ይህን ሐሳብ ይዘው የተነሱ ሰዎች ነበሩ። ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ተቋማት፣ የቪየናው የግብርና ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ተቋማት ሆነው ማኅበረሰብ አቀፍ እርባታ ጀመሩ። መጀመሪያ በበግ፤ በቦንጋ፣ በሆሮ፣ በመንዝ፣ በአፋር። ከዚያ በፍየል፤ ዝቋላ ወረዳ ዋግ ውስጥ፣ ታንቋ አበርገሌ ትግራይ ውስጥ፣ ኮንሶ፣ ሌሎችም። አሠራሩ ከአርቢው ሕይወት የተነሳ ስለሆነ ነው የወደድኩት። በአንድ ግጦሽና በአንድ ውኃ የሚገናኙ ቤቶች አንድ መንጋ ተብለው ይታሰባሉ። ደግሞም ናቸው፤ ፍየሎቹ ቀን አብረው ነው የሚውሉት። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረጋል። እናቱ ትጻፋለች። በሦስት ወሩ፣ በስድስት ወሩ ይመዘናል። ከዚያ ወጠጤዎቹ አንድ ቀን አደባባይ ይወጣሉ። መዝገቡ አለ፤ የሽማግሌዎቹም ዓይን አለ። ሁለቱም ይናገራሉ። መዝገቡ «ይህ ከሁሉ ይመዝናል» ይላል። አንድ አርቢ ይነሳና «እናቱ ጡቷ የታመመ ናት፣ አልቀበለውም» ይላል። ያ ወጠጤ ይወድቃል። የተመረጡት በቤቶቹ መካከል ይዞራሉ። የራሳቸው ልጆች ሲደርሱ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራሉ። ያልተመረጡት ይሸጣሉ ወይም ይኮላሻሉ።

ዝቋላና ታንቋ አበርገሌ ከ2020 ወዲህ ምን እንዳለፈባቸው ታውቃላችሁ። ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ ኋላ ድርቅ መጣ። መንጋ ታረደ፣ ተነዳ፣ በረት ውስጥ አለቀ። ለሰው የማለቅሰውን ለፍየል እንዳለቀስኩ አታስቡብኝ። ግን ለዓመታት ቁጥር በጆሮው ተደርጎለት፣ እናቱ ተጽፋለት የነበረ መንጋ ሲበተን አብሮት የሚሄደው እውቀት ነው። አበርገሌ ፍየል ሌላ አገር የላትም። አገሯ እዚያው ነው፤ እሳቱ ያለፈበት።

ስለዚህ ፍየል ገዝታችሁ ለተጎዱ ቤተሰቦች የምታከፋፍሉ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቅርብ ካገኛችሁት ትልቅ ገበያ በጅምላ ገዝታችሁ አትበትኑ። በሸለቆው ውስጥ የቀሩትን ፈልጉ። እናቶቹን ከዚያ ግዙ። አውራዎቹን ደግሞ ከአንድ በረት አትውሰዱ፤ ከተለያዩ ቀበሌዎች ውሰዱ። ከየት እንደተገዛ በአንድ ወረቀት ጻፉ። ከደስታ መሰል በሽታ የተከተቡ ይሁኑ፤ የተከተበ የማይተርፍበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተጨማሪ ሳምንት ይፈልጋል። ሳምንቱን ስጡት።

ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ።

«የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው» አሉ። «እኔም አውቀዋለሁ። አውራው ጥሩ ሲሆን ግልገሉ ጥሩ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? ግን ፋሲካ ሲደርስ ይሄ ወጠጤ ጥሩ ገንዘብ ነው። ለመንደሩ ብዬ ካቆየሁት፣ እኔን ማን ይከፍለኛል?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አጎቴን መሰሉኝ።

እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው። «አባቴ፣ ልክ ነዎት። እርስዎ ብቻዎን መክፈል የለብዎትም። በማኅበረሰብ እርባታው የተመረጠውን ወጠጤ የሚገዛው ማኅበሩ ነው፤ ተዘዋዋሪ ገንዘብ አለው። ዋጋው በዕለቱ ገበያ ተተምኖ ለባለቤቱ ይከፈላል። እርስዎ ጨውዎንና በርበሬዎን ይገዛሉ። ወጠጤው መንደር ይቀራል። አገልግሎቱን ሲጨርስ ይደልባል፣ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ የሚቀጥለውን ይገዛል።»

«ስንት ሰው ነው የሚጀምረው?» አሉ።

«ጎረቤቶችዎ ስንት ናቸው?» አልኳቸው። እሳቸውም በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።